ለድንች የተባለች ቃል

ደሳለው ቃል የሚወድ ሰው ነው። ከቃልም ሁሉ «እጸየፋለሁ»ን አብልጦ ይወዳል። ደብረ ታቦር ከአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኖ ደመወዝ መብላት ከጀመረ ወዲህ፣ ተራውን «አልወድም» ለባላገር ዘመዶቹ ትቶላቸዋል። ጭቃ ይጸየፋል፤ ያልፈላ ወተት ይጸየፋል፤ የአለቃውን ፊርማ ሳይቀር ይጸየፋል፣ ያን እንኳ አለቃው በሌሉበት ነው። የሚገርመው ራሱም ከጉና ተራራ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ነው። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ የሚጸየፈው አንድም ነገር አልነበረውም፤ የተገኘውን ይበላ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ፍሬሕይወትን ወደደ። ፍሬሕይወት ኩዌት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ የከፈተች የጉና ልጅ ናት። እሷም ወዳዋለች፤ ጨዋታው ያስቃታል። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሱቋ ደጅ ሻይ ሲጠጡ፣ ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ነው ብሎ «እጸየፋለሁ» ሲል፣ «ደሳለው፣ እሷን ቃል ተዋት» ብላው ነበር። የቀለደች መሰለው።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ደረሰ። በአገሩ ደንብ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። ደሳለው ግን አጎቱን አያ ዋልልኝንና መሪጌታ ጥላዬን አላመናቸውም። «ንግግራችሁ ቢጎድል እኔ እሞላለሁ» ብሎ ተከተላቸው፤ ሲጣደፍም ቁርስ ሳይበላ ወጣ። የፍሬሕይወት አባት ቤት መኪናው ከቆመበት ሁለት ሰዓት ሽቅብ በእግር ነው። ዳገቱ እግሩን እንጂ ምላሱን አላደከመውም፤ ለአፍ ዳገት የለውም።

የልጅቱ አባት አያ ካሴ ተቀብለው ከመደቡ አስቀመጧቸው። ወዲያው ቅቅል ድንች ተልጦ፣ አዋዜ ተጨምሮለት፣ በሰፌድ ቀረበ። ድንቹ ይጨሳል። የደሳለው ሆድ ጮኸ።

«እግዜር ይስጥልን፣» አሉ መሪጌታ፤ «የመጣንበት ሳይሰማ ግን አንቀምስም።»

ይህም ደንብ ነው። የሽማግሌ አልቀምስም ማለት ለቤቱ ክብር ነውና አያ ካሴ ደስ አላቸው። ደሳለው ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ አልቆለት ነበር። ዝም ማለትን ግን ማን አስተምሮት!

«እኔማ ቢሆን፣» አለ ወደ ሰፌዱ እያመለከተ፣ «በእጅ የተላጠ ድንች እጸየፋለሁ።»

አያ ዋልልኝ በዱላቸው ጫፍ ጎሰሙት። እሱ ግን ያልገባቸው መሰለውና ያስረዳቸው ጀመር።

«መጥላትና መጸየፍ አንድ አይደለም፤ ሰው የጠላውን ምግብ ታግሦ ይበላል። መጸየፍ ከዚያ ይብሳል። ምግቡ ብቻ ሳይሆን የነካው እጅም ጭምር ይቀፍሃል።»

«ልጄ፣» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «እኔ ይችን ቃል በመጽሐፍ የማውቃት ለጣዖት ስትባል ነው። ለድንች ስትባል ገና ዛሬ ሰማሁ።»

አያ ካሴ አልሳቁም። ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። «ፍሬሕይወት! ነይ እስቲ። ድንቹን የላጥሽው አንቺ፣ ሽማግሌ የመጣብሽም አንቺ። አንቺው መልሺላቸው።»

ወጣች። እጇ ገና እርጥብ ነው። ደሳለው እጇን ሲያይ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ድንቹን ማለቴ ነው እኮ! አንቺን አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኝ…» አለ። ምን ይሆናል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ክፉ እንዳልሆንህ አውቃለሁ፣» አለችው። ወድዳው ነበርና አዘነች። «የኩዌት እመቤቴም ክፉ ነኝ ብላ አታውቅም። ልጆቿን በዚህ እጄ አሳድጌላታለሁ፤ የበላሁበትን ሳህን ግን ለብቻው ታስቀምጠው ነበር። ያችን ቃል ሰባት ዓመት በዐረብኛ ሰማኋት። ባማርኛ እየሰማኋት አላረጅም።»

ከዚያ ሰፌዱን አንሥታ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት አስጠጋችው። «አባቶቼ፣ የመጣችሁበት ተሰምቷል፤ መልሱም ይኸው ነው። እንግዲህ ብሉ።»

አያ ዋልልኝ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ግን «መልስ መልስ ነው» ብለው እጃቸውን ሰደዱ፤ ጥቂት ቆይተው አያ ዋልልኝም ተከተሏቸው። ሁለት ሰዓት ዳገት የወጣ ሰው ምን ያድርግ! ደሳለውን ማንም ብላ አላለውም። ሆዱ እንደ ገና ጮኸ፤ አሁን ግን ሁሉም ሰሙት።

«ውሃ ስጡት፣» አሉ አያ ካሴ። «ብርጭቆውን ግን ራሱ አጥቦ ይጠጣ።»