የደባርቋ ፍየል

እና ደግሞ የለም፣ አለ የተባለበት ቦታ ላይ የለም፣ ተሳስቼ ይሆናል፣ ደባርቅ ስንት አደባባይ አላት፣ ግን ባለባጃጁ እዚህ ነው ያለኝ፣ የዋልያው ሐውልት ጋ አድርሰኝ ስለው ፍየሏ ጋ ማለትሽ ነው ብሎ ስቆ ነው ያመጣኝ፣ ታዲያ የታለ፣ ክብ መሬት፣ የተቆለለ ጠጠር፣ ተጣሞ ብቅ ያለ ፌሮ፣ አራት እግር ቆሞበት የነበረ ቦታ ላይ አንድ ባዶ ሃይላንድ። ስልኬ እጄ ላይ ተከፍቷል፣ ካሜራው ፊት አገኝ ብሎ ያችን ቢጫ ሳጥን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል፣ የለም ወዳጄ፣ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው።

አባዬን ምን ልለው ነው።

ጠዋት ከጎንደር ስነሳ አልጋው ላይ ተቀምጦ በዳበሳ ሻይ ይጠጣል፣ የግራ ዓይኑን ስኳር ወስዶታል፣ የቀኙን ሐኪሙ ተስፋ አትቁረጡ አለን፣ ሐኪም ተስፋ አትቁረጡ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በአሸዋና በሲሚንቶ ተጫውቶ ነው የኖረው። አንቺ እንደሁ አገር ላገር እየዞርሽ የሰው ሐውልት ታነሺያለሽ አለኝ፣ የአባትሽን ግን አንድ ቀን አላነሳሽም። ወይ ጉድ! ራሱ አይደል እንዴ የከለከለኝ፣ ሌላውን አንሺ፣ ደባርቅ ሄደሽ ስሜን እንዳትጠሪ ያለኝ፣ አሁን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሕሊና፣ ሳይጨልምብኝ ቀንዱን አሳዪኝ። ቀንዱን ብቻ። ሌላውን ተዪው።

ተዪው ይላል። ስልኬ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፣ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር የሚመስል አንበሳ፣ ሰው የሚያክል ጀበና፣ ችቦ የያዘ እጅ ብቻውን፣ ዛሬ እንኳ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚኒባሱ እህል ሊጭን ሲቆም መቀመጥ አቅቶኝ ወርጄ ክሊኒክ አጥር ላይ የተሳለች ነርስ አነሳሁ፣ ስድስት ጣት አላት፣ ሾፌሩ ክላክስ በክላክስ፣ ሴትዮ ትሄጂያለሽ አትሄጂም። ዳባት ስንደርስ ደግሞ ገበያውን በመስኮት አየሁና ሳቄ መጣ፣ ወዲያው አንጀቴን በላኝ። እዚያ ገበያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ዋልያ አይቶ አያውቅም ነበር፣ በቃ እውነቱ ይኸው ነው፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ለከተማዋ ዋልያ ሥራ ሲሉት አንድ የቱሪስት ፖስተር ሰጡት፣ ራሱ ብቻ የሚታይ፣ ከአንገት በታች ሣር የዋጠው። ተራራው ላይ ጊች ወጥተህ በዓይንህ እየው ቢሉት፣ ለምን ብሎ፣ እንስሳ እንስሳ ነው፣ በአርማታ ስንቱን አቁሜያለሁ፣ ዳባት ገበያ ወርዶ አንድ የሰባ የፍየል ሙክት ዞሮ አየው፣ ወገቡን በስንዝር ለካው፣ ባለቤቱ ትገዛለህ ወይስ ትዳብሳለህ አለው። እናም ራሱ ዋልያ፣ ሌላው ሙክት። ቀንዱ ግን፣ ቀንዱን ሲሠራ እንዳሁኑ ሳይደክም እጁ እጅ ነበር፣ እያንዳንዷን ቋጠሮ በጣቱ ነው ያወጣት። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የደባርቅ ውርጭ ያልደረቀ አርማታ ከነካ አለቀ፣ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጥ ለውስጥ ይፈረካከሳል፣ ከዓመት በኋላ ይረግፋል፣ እነሱ ደግሞ ለምረቃ ቸኩለዋል፣ እና ጋቢውን አውልቆ ቀንዱን አለበሰው፣ ከሥር ፍም አደረገ፣ ራሱ በሸሚዝ እያራገበ አደረ።

ጨርቁ ሲገለጥ ጭብጨባው ሊጀመር ነው፣ ከጊች የወረዱ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋልያ ጓሯቸው የሚግጥላቸው ሰው፣ ወደ ሐውልቱ ኋላ ዞር ብለው አዩና፣ አዬ ልጆቼ፣ ይቺማ የዳባት ገበያ ፍየል ናት። በቃ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ ዲያቆኑ ሳይቀር። ሰንጋ ታርዶ ነበር፣ አባዬ ሳይቀምስ መሣሪያውን ሰብስቦ መኪና ፍለጋ መንገድ ዳር ቆመ፣ ከዚያ ወዲህ ይቺን ከተማ አልረገጣትም። የሚያሳስበኝ ፍየልነቱ አይደለም ይላል፣ ውርጩ ገብቶበት እንደሆነ ነው። ሁልጊዜ ይህንኑ። አላምነውም። ወይም አምነዋለሁ፣ እንጃ።

ምንድን ነው የምታነሺው? አቤት፣ ከኋላዬ ሚሊሻ፣ ነጠላ ጫማ፣ ክላሽ፣ ፊቱ ደግ ነው ግን ክላሽ ክላሽ ነው፣ ምን ልበለው፣ ባዶ መሬት ብለው ማን ያምነኛል፣ ሐውልት ነበር የማነሳው ጋሼ፣ ዋልያውን። ፍየሏን? አለና ፊቱ ወደቀ። ዘገየሽ እህቴ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው ባለፈው ሳምንት አፈረሷት፣ ቦታውን ግን አሁንም ፍየሏ ጋ ነው የምንለው፣ እኔም ስዳር እሷ ሥር ነው የተነሳሁት። ባለፈው ሳምንት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። እትዬ ፋንታዬ ሻይ ቤት ግቢ፣ ግድግዳው ላይ አለችልሽ፣ እዚያ ማዶ፣ ከሆቴሉ አጠገብ።

ከሆቴሉ አጠገብ፣ እሺ፣ የሆቴሉ በር ላይ ደግሞ ምን ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ዋልያ። አዲስ፣ በፋይበር የተሠራ፣ ወገቡ ልክ፣ ሆዱ ልክ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ ምንም አይወጣለትም። ቀጭ። የአባዬ አንድ ዓይን፣ እሱም የደከመ፣ ስልክ ላይ፣ ምን ይለያል፣ ይኸው አባዬ ልበለው፣ አምሮበታል፣ የሚስቅ የለም፣ ቀንዱም እንደቆመ ነው፣ ደስ ብሎት ይጨልምበት፣ ምን አለበት፣ ኃጢአቱ የእኔ። ይኸው አባዬ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጣቴ መላኪያው ላይ ነው፣ ኔትወርኩም ለክፋቱ ዛሬ እሳት ነው። እና ደግሞ ፍየል ይሏት ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀኝስ፣ ኧረ ማንም እንዲያ አላላትም ልለው ነው፣ የሰባው ሙክት፣ ያ የተዳበሰ ወገብ፣ ጭራሽ አልነበረም ልለው ነው። ቆይ። መጀመሪያ ግድግዳውን ልይ።

ገባሁ፣ ሻይ ሳላዝዝ ዓይኔ ወደ ግድግዳው፣ አምላኬ፣ ይኸው። ትልቅ የሰርግ ፎቶ፣ መስታወቱ ጭስ ጠጥቷል፣ ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ አፏን በሰፊው ከፍታ ትስቃለች፣ ሙሽራው ከነሱፉ ሁለቱን ቀንዶች ጨብጦ ተንጠልጥሏል፣ እግሩ መሬት አይነካም፣ ሚዜዎቹ ሆዳቸውን ይዘዋል፣ መሀላቸው እሷ፣ ራሷ ዋልያ፣ ዳሌዋ የዳባት ሙክት። እትዬ ፋንታዬ ከኋላዬ መጣች፣ እኔ ነኝ ያቺ፣ ያ ደግሞ ባሌ ስማቸው ነው፣ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያቅተዋል፣ እዚህ አገር ፍየሏን ሦስቴ ያልዞረ ሰርግ፣ እሷ ሥር ያልተነሳች ሙሽራ፣ ምኑን ተዳረች? በየቤቱ ግቢ፣ በየግድግዳው አለች። መንገዱስ ይስፋ፣ ፍየላችን ግን ምን አደረገቻቸው?

ሠሪዋስ እትዬ? ማን ያውቃል እቴ፣ የጎንደር ሰው ነው አሉ፣ አኩርፎ ሄደ ይባላል፣ ለሥጋው እንኳ ሳይቀመጥ። አባቴ ነው አልኳት። በሞትኩት! አለችና ወንበር ሳበችልኝ፣ እኔ የምቀመጥ ሰው ነኝ እንዴ፣ ቆሜ የፋይበሩን ፎቶ አጠፋሁት፣ ሰርጉን አነሳሁት፣ ላክሁት፣ ደወልሁ፣ ወንድሜ የኔሰው ነው ያነሳው፣ ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠጋለት አልኩት፣ የአባዬ ትንፋሽ ይሰማኛል።

ሰውዬው ቀንዱን ይዞ ነው የተንጠለጠለው? አዎ አባዬ። ባለጌ። ከባድ ሰው ነው? አይ አባዬ፣ መካከለኛ። አሁንም ፍየል ነው የሚሉት? አሁን ልዋሽ እችላለሁ፣ አፌ ላይ ነው፣ እትዬ ፋንታዬ ታየኛለች፣ አዎ፣ ፍየላችን ነው የሚሏት። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ እየሳለ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው፣ ፍየል ናታ! አላየሁም እንዴ ስሠራት፣ ወገቧን ስጨርስ እኮ አውቄዋለሁ፣ ግን ማን ያፍርሳት፣ ሲሚንቶው አልቋል።

አሁን ፊት ለፊቷ ነሽ?

አይደለሁም አባዬ። የለችም። መንገድ ሊሰፋ ብለው አፍርሰዋታል፣ ባለፈው ሳምንት። ይኸው አልኩት፣ ምድር ትዋጠኝ፣ ከጎንደር እዚህ ድረስ ይህን ልነግረው ነው የመጣሁት፣ አባዬ ትሰማኛለህ፣ አባዬ። ሲያፈርሷት ቀንዱ እንዴት ሆነ? እኔ ምን አውቄ፣ አላውቅም፣ ስልኩን ለእትዬ ፋንታዬ አቀበልኳት፣ እሷም በሁለት እጇ ይዛ ጎንደር ድረስ በአየር እንድትሰማ ጮኸች፣ አባባ፣ እንደምን አሉ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እኔ ቆሜ አይቻለሁ፣ ስካቫተሩ ሲገፋት ወገቧ ወዲያው ሄደ፣ አንገቷም ሄደ፣ ቀንዷ ግን እምቢ፣ ቢመቱት እምቢ፣ ቢረግጡት እምቢ፣ አንዲት ፍንካች ሳይወጣው እንዳለ በመኪና ጭነው ወሰዱት፣ ሰው እያጨበጨበ።

ስልኩን መለሰችልኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ፣ ይናገር እንደሆነ፣ ያለቅስ እንደሆነ።

ውርጩ አልገባበትማ፣ ይላል አባዬ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለየኔሰውም አይደለም፣ ለራሱ ነው መሰለኝ፣ አየህ፣ ውርጩ አልገባበትም።