ግማሽ ሸሚዝ

ባሌን ሌላ ሴት ነጠቀችኝ ብል እውነቴን ነው። ስሟ አልማዝ ነው፣ ጭራም አላት። አልማዝ ባለጭራ የሚሏት በሽታ አምና ከግራ ጡቱ ሥር ተነስታ በብብቱ አድርጋ እስከ ጀርባው ውሃ የቋጠረ ቁስል አስታጠቀችው። ቁስሉ ደረቀ፤ እሷ ግን አልሄደችም። ላዩ ላይ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ነርቩን ይዛ ቀረች። ሸሚዝ ሲነካው እሳት፣ ነፋስ ሲነካው እሳት፣ አንሶላ ሲነካው እሳት። ይህን የመሰለ ስም ያወጣላትን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እንጀራው ጨርቅ ነው፣ የሚያቃጥለውም ጨርቅ ነው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለራሱ ግማሽ ሸሚዝ ሰፋ። ኮሌታው ሙሉ ነው፣ የፊቱ ቁልፎች በቦታቸው ናቸው፣ በግራ እጁም ሸሚዝ ያለ እንዲመስል የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ሰፍቶታል። የግራው ጎን ግን የለም። ኮቱንም በዚያ በኩል ገላውን እንዳይነካ አስፍቶ በጠንካራ ገበር አቆመው። ከፊት ለሚያየው ሙሽራ ይመስላል። ያንን ኮት ሳይለብስ ሰው ፊት አይቀርብም፤ ሐኪም ፊት ደግሞ ጭራሽ።

ሰፈሩ «ጋሽ ተመስገን» ይለዋል። ስሙ ሆኖ አይደለም። «እንዴት ነህ?» ሲሉት ሌላ መልስ ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። እናቱን ቀብረን ስንመለስ እንኳ፣ እንዴት ነህ ያለውን ሁሉ «ተመስገን» ሲል ነበር። እኔ በተቃራኒው ነኝ። የአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ በመስታወት ቀዳዳ ከሰው ጋር ስጮህ ነው የምውለው። ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም። እንዴት ተጋባችሁ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

በሽታው በጀመረ ሰሞን ተኝቼ ስገላበጥ እጄ ጎኑ ላይ አረፈ። ከአልጋው ተፈናጥሮ ተነሳ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» አለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ። «ታዲያ የት ልተኛ?» «የትም ተኚ፣ ችግር የለም።» ፊቱን አየሁና ትራሴን ይዤ ሶፋው ላይ ወጣሁ። እዚያው ቀረሁ።

ሐኪም ቤት ያልረገጥነው የለም። አንዱ ክኒን ሰጠን፤ ክኒኑ ሕመሙን ትቶ ሰውዬውን አደነዘዘው፤ እሱም የደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሮ ቆረጠ። ሌላው ልብ ነው ብሎ ልቡን መረመረ፤ ልቡ ከኔ ልብ ይሻላል። ሌላው ደግሞ ቆዳውን በኮቱ ክፍተት በሩቁ አይቶ «ድኗል እኮ!» አለን። በመጨረሻ አንድ የሚሰማ ሐኪም አገኘንና «ይህ የነርቭ ሕመም ነው፣ የሕመም ክሊኒክ ሂዱ። ከጎን አጥንቱ ሥር ነርቩን የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋሉ» አለን። መርፌ የሚለውን ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባሌ በዚያን ጊዜ የኮት ሥራ መቀበል አቁሞ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ መቁረጥ አልቻለም፤ ቁልፍ መትከልና ዚፕ መቀየር ብቻ ቀርቶታል። «ሥራ ቀዝቅዟል» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ሥራው አልቀዘቀዘም፣ እሱ ነው የሚቃጠለው።

የሕመም ክሊኒክ ሲባል የሰው ሕመም የሚገባቸው ሰዎች ያሉበት መስሎኝ ነበር። ወገቡን የሚያመው ሰው ሁሉ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን የምግብ አሠራር ያሳያል። በሄድን ቁጥር ዶክተሩ ሌላ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። አስታማሚ ደግሞ አይገባም።

መጀመሪያ የገባ ጊዜ ወዲያው ወጣ፤ በእጁ ያንኑ የሚያደነዝዘውን ክኒን ይዞ።

«ምን አለህ?»

«እንዴት ነዎት አለኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ጫማውን አየ።

«ተመስገን አልክ አይደል?»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምን ልትለው ነው?»

በሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው ብለው ጠይቀውት «ሦስት» ብሎ ወጣ። ሦስት! ሸሚዙን ግማሽ ያደረገ ሰው!

«ያቺ አግዳሚው ላይ ስታቃስት የነበረች ሴትዮ አለች አይደል» አለኝ በአውቶቡስ ስንመለስ። «አስር የሷ ነው። የባሰ አለ።»

«ቁጥር እኮ አያልቅም አንተ ሰው! ለሷም ለአንተም ይደርሳል!»

የፊቱ ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ይዩኝ። የክሊኒኩ ነርስ ስንወጣ የነገረችኝ ነበር ያንገበገበኝ፤ መርፌው ወረፋ አለው፣ ለባሰበት ሰው ነው የሚሰጠው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም «ቀለል ብሎኛል» ካለ ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ክኒኑ ይመለሳል። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶናል ማለት ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ማሠልጠን ጀመርኩ። ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ መነጽሩን አድርጌ ዶክተር እሆናለሁ።

«እንዴት ነዎት?»

«ተመስ...»

«አይደለም! ያመኛል በል!»

«ያመኛል» ይላል፣ ሳቁ እየመጣ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደተገኘበት ሰው እየተሽኮረመመ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ዝም አይነቅዝም ሲባልም ሰምቻለሁ።»

ተረት ላይ ማንም አይችለውም።

በቀጠሮው ቀን ዘበኛው በሩ ላይ «አስታማሚ አይገባም» አለኝ።

«አስታማሚ አይደለሁም፣ አስተርጓሚ ነኝ» አልኩት።

«በምን ቋንቋ?»

«እሱ የሚናገረውን ቋንቋ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው።»

መልሱን ሳልጠብቅ ባሌን ተከትዬ አልፌው ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ከድካም ብዛት ቀልቷል። ዛሬም አዲስ ሰው። ኮምፒውተሯን እያየች ጠየቀች።

«አባቴ፣ እንዴት ነዎት?»

ባሌ ኮቱን አስተካከለ፣ አንገቱን ሰበረ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ጣቶቿ መጻፍ ጀመሩ።

«ደህና አይደለም!» ብዬ ተነሳሁ። «ዶክተር፣ እባክሽ አትጻፊ። እሱ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሞቆኛል የሚል ሰው ነው! ሥራውን አቁሟል። በግራ በኩል በር ሲከፈት ይደነግጣል። ያንን መርፌ ስጡት!»

«ገብቶኛል እናቴ፣ ግን ከራሳቸው መስማት አለብኝ። አባቴ፣ ከዜሮ እስከ አስር...»

«አራት» አለ ባሌ። እኔን ደስ ሊያሰኘኝ አንድ ጨመረ።

ያኔ እንባዬ መጣ። በብስጭት ነው፣ በሌላ አይደለም። ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር፣ ከሐኪሞቹ ጋር፣ ከወረፋው ጋር ታግዬ፣ እዚህች ወንበር ላይ አድርሼው፣ አራት! ዶክተሯ ከኮምፒውተሯ ዞር ብላ መሐረብ አቀበለችኝ።

«እርስዎስ እናቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

«ውሸቷን ነው» አለ ባሌ።

ዞሬ አየሁት። ሰው ፊት ቃሌን ሲያፈርስ በትዳራችን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ደህና አይደለችም፣ ዶክተር። ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው፣ ጠዋት አንገቷ አይዞርላትም። ዕቃ ስታጥብ ውሃውን ትለቅና ታለቅሳለች፤ የማልሰማ ይመስላታል። ልታቅፈኝ እጇን ትዘረጋና መልሳ ታጥፋለች። እኔ ዝም ያልኩት እሷ እንዳትጨነቅ ነበር። ይኸው ምን እንዳደረግኋት።»

ከዚያ ተነሳና ማንም ሳይለው ኮቱን አወለቀ።

ያንን ግማሽ ሸሚዝ እኔ ስለለመድኩት ነው መሰለኝ፣ እንዲህ አስፈሪ መሆኑን ረስቼው ነበር። ኮሌታውና ቁልፎቹ የሙሉ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ጎን፣ ከሲታ፣ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር። ዶክተሯ ተነስታ ቀረበች። እጇን ዘረጋችና ሳትነካው አቆመችው።

«አባቴ፣ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ» አለ። ትንሽ አሰበ። «አስር ነው። ያቺ ሴትዮ ትቅር ትበለኝ።»

እኔና ዶክተሯ ባንድ ላይ ሳቅን፤ እኔ ሳቄን ከእንባዬ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ተሳካ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። የመርፌው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

«ሁለት ወር?» አልኩ። «ሁለት ወር ሙሉ ይቃጠል?»

«መርፌውን የሚወጋው አንድ ሐኪም ብቻ ነው ያለን» አለች ዶክተሯ። «የሚቀር ሰው ካለ እደውልላችኋለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ቃል አልገባም።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ልጣላት ፈለግሁ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ሐኪም መካከል እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ከሷ ጋር ምን ያጣላኛል? ከማን ጋር እንደምጣላ ጠፍቶኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው «እንዴት ሆኑ፣ አባቴ?» አለው።

«ተመ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። «ያመኛል» አለ።

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። ከዚያ «አይዞዎት» ብሎ በሩን እስከ ጥግ ድረስ ከፈተለት።

መንገድ ላይ እንደ ልማዴ አንድ ክንድ ርቄው፣ አላፊ አግዳሚው ጎኑን እንዳይነካው በግራው በኩል እየጠበቅሁት ሄድኩ። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ቆመ።

«በቀኜ በኩል ነይ» አለ።

«ምን?»

«የሚያመኝ ግራው ነው። ቀኙ ምንም አይለኝም። አልጋውም ላይ እንደዚያው ነው። ቦታ ብንቀያየር... በቀኜ ብትተኚ ምንም አልሆንም ነበር።»

መብራቱ ለእግረኛ አረንጓዴ ሆኖ ተመልሶ ቀይ እስኪሆን እዚያው ቆምኩ። የት ልተኛ ብዬው ነበር እኮ! ሶፋው፣ የደረቀው አንገቴ፣ የቧንቧው ውሃ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል ይቀር ነበር!

«ይህን ለማለት ዓመት ፈጀብህ?»

ልቆነጥጠው እጄን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ሰው ባይኖር እቆነጥጠው ነበር። ከዚያ በጀርባው በኩል ዞርኩና በቀኙ ሆኜ ክንዱን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። አልሸሸኝም።