የስፖንጅ ተራራ

አማቷን በጎናቸው አዙራ እጇን ከወገባቸው ሥር ብትሰድ ባዶ ጨርቅ ጨበጠች። ነርሷ በነገረቻት ልክ፣ ቁስሉን እንዳይነካ መሃሉን ክብ አድርጋ የበሳችው ወፍራም ስፖንጅ የለም። የቀረው በገዛ እጇ የሰፋችለት ልባስ ብቻ ነው፤ ዚፑ ተዘግቶ፣ በሥርዓት ተጣጥፎ። ሊደርቅ ምንም ያልቀረው የጀርባቸው ቁስል ተከፍቶ አንሶላው ላይ ተለጥፏል። ዳይፐሩም ትናንት ራሷ ያደረገችላቸው ነው። ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ገባ።

እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ አንድ ቀን አድራ መመለሷ ነበር። ባሏ "አለሁላት፣ አታስቢ" ብሎ ነው የሸኛት።

"እማማ፣ ስፖንጁስ?"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አሸሹ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ ስምንት ወር ሆናቸው፤ አንደበታቸው ግን ደህና ነው።

"ልጄ ወሰደው። ትናንት አንቺ እንደወጣሽ መጣና፣ 'እማዬ፣ ይቺን ነገር ትሰጪኛለሽ?' አለኝ። እንካ አልኩት።"

"እንዴት እሺ ይላሉ? ጀርባዎን እያወቁት!"

"እሱን ራሱን ከሆዴ አውጥቼዋለሁ፤ ከጀርባዬ ሥር አንድ ነገር አውጥቼ ብሰጠው ምን ይገርምሻል?" ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ማቃሰት ዞረባቸው።

ሙቅ ውሃ በባልዲ አቅርባ፣ ነጭና ሰማያዊ ንጹሕ ጨርቆች አጠገቡ አኖረች። ማጠቡን ግን አልጀመረችም። ተነሥታ ወደ ባቡሩ ክፍል ሄደች።

ክፍሉ ድሮ መመገቢያቸው ነበር። ባሏ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ጠረጴዛውን አስወጥቶ ሦስቱን ግድግዳ በወገብ ልክ ጣውላ ካዞረበት ወዲህ እነሱ የሚበሉት ኩሽና ውስጥ ቆመው ነው። ጣውላው ላይ ለትንሽዬ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ከክብሪት እንጨት የተሠራ ድልድይ፣ መብራት ያለው ጣቢያ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሰዎች አሉበት። አሻንጉሊት ብሎ የጠራው ሰው ሳምንት ይኮረፋል። መጀመሪያ ላይ እሷም ትኮራበት ነበር፤ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ደንበኞቿን ሳይቀር እያስገባች ታሳይ ነበር።

ባሏ ለእናቱ ከተገዙት ማስኮች አንዱን አፍንጫው ላይ አድርጎ ተደፍቷል። እግሩ ሥር ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ ሞልቷል።

"መጣሽ? በሩን ቀስ አድርጊው፣ ኮላው አልደረቀም" አለ ቀና ሳይል።

ጥጉ ላይ ተራራ ቆሟል። ግማሹ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ግማሹ ገና ነው።

"ይሄ ስፖንጅ የማን ነው?"

"የእማዬ። ያ አቀበት ሁለት ወር ሙሉ ፈተና ሆኖብኝ አልነበር? ይኸው፣ ባቡሩ ተራራውን ዞሮ ሲወጣ ከሐዲዱ ፍንክች አይልም። ደግሞ ዋሻውን እይልኝ! መሃሉ ተበስቶ የመጣ ነው፣ ልክ እንደታዘዘ።"

"የበሳሁት እኔ ነኝ።"

"እኮ፣ እጅሽ ይባረክ!" ብሩሹን ወደ ተራራው ግርጌ ቀሰረ። "እዚህች ጋ ደግሞ ያለችው እድፍ ቀለም እንኳ አላስፈለጋት። ቁርጥ አፈር!"

ስምንት ወር ሙሉ ገላ ስታጥብ፣ መግል ስትጠርግ አንድም ቀን ያላቅለሸለሻት ሴት፣ የጣውላውን ጠርዝ ይዛ ምራቋን ዋጠች። ዓይኗ ጣቢያው ላይ አረፈ። መግቢያው ላይ፣ ከደረጃው ጎን፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ጣት የማታክል መወጣጫ ሠርቷል፤ መደገፊያው ሳይቀር ተቀብቷል። የቤታቸውን ደጅ እንዲህ አድርግላቸውና ፀሐይ ይሙቁ ብላ የለመነችው ስንት ጊዜ ነው!

"የእናትህን ጀርባ አይተኸዋል?"

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም፣ ታውቂያለሽ። ሽታ አልችልም። አንቺ ለምደሽዋል።"

"ለምደሽዋል?"

"አሁን ምን ያስቆጣል? ሌላ ስፖንጅ ይገዛል።"

ጣቷን ወደ እናቱ ክፍል ቀሰረች።

"ሙቅ ውሃ ቀርቧል። መጀመሪያ ዳይፐሩን ትቀይራለህ፣ ከዚያ ቁስሉን ታጥባለህ። ግባ።"

"እኔ?" ሳቀ። "እንዴ፣ ወንድ ልጅ እናቱን..."

"ሴት ልጅ አልወለዱም።"

ሳቁን ሊቀጥል ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ማስኩን አጥብቆ ሄደ። እሷ ተከትላው ወጥታ መተላለፊያው ላይ፣ በሩ አጠገብ ካለችው የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

"አንተ ነህ እንዴ?" የአማቷ ድምፅ ነው። "ውይ፣ ተወው የኔ ልጅ፣ እሷ ትመጣለች።"

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ሰማች። ቀጥሎ ባሏ ሊያስመልሰው ሲታገለው፣ ሲያስለው ሰማች።

"ነይ እንጂ! ኧረ ነይ፣ ይሄ ነገር ሥጋው ይታያል!"

አሮጊቷ "እህህ" አሉ፣ ቀጭን ድምፅ። ሳታስበው ተነሣች። ይሄ ሰውዬ ቀጥ እንዲል እኒህን ምስኪን መቅጫ አደረግኋቸው ብላ ራሷንም ተጸየፈች። በሩን ልትገፋ እጇን ዘረጋች።

ውስጥ ውሃው ተንቦጫረቀ። ጨርቅ ሲጨመቅ፣ ጠብታው ባልዲው ላይ ሲወርድ ተሰማት።

"ቁስሉን የማጥበው በየትኛው ነው?" አለ ባሏ፣ በታፈነ ድምፅ። "ጨርቁ... ነጩ ነው ሰማያዊው?"

እጇን ሰበሰበችና ተመልሳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

"ነጩ" አለችው።