ሦስት ስንዝር ተኩል

ኛታንግ ከአዲስ አበባ ያስመጣቻትን ያገለገለች የስፖርት መኪና፣ መኪናዋን የሸጠላት ሰው ውበት መስሎት ሞላዎቿን አስቆርጦ ዝቅ አድርጓት ነበር። የጋምቤላ መንገድ ሆዷን እየፋቀ ሲያስቸግር፣ መካኒኩ አብዱልባሲጥ የፋብሪካውን ሞላ ገጥሞ ወደ ቁመቷ ሊመልሳት ተስማማ። «ስጨርስ ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎዋ ጠርዝ ከመሬት ሦስት ስንዝር ተኩል ይሆናል» ብሏት ነበር።

ዛሬ ጋራዡ ስትደርስ ሰላምታም ሳትሰጥ ጎንበስ ብላ በስንዝሯ ለካች። ሦስት ብቻ። ዞራ በሌላው ጎን ለካች፤ ያው ሦስት። ነገ እናቷን ይዛ ፑኝዶ ልትሄድ ነው፤ መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ብትቆምስ?

«የኔን ሞላ ለማን ሸጥከው?»

«እህቴ፣ ከሥር ገብተሽ እዪው።»

«አሮጌም ሞላ ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል። ተኩሏ የታለች?»

አብዱልባሲጥ ራሱ ለካና ሦስት ተኩል አገኘ። ጣቱን አጥፎ ይሆናል ብላ ደግሞ አስለካችው፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ በግራሶ የጠቆረ እጁን አቧራ በለበሰው ኮፋኖ ላይ ዘርግቶ አሳረፈና «ያንቺንም አጠገቡ አድርጊ» አላት። የሷ ስንዝር የሱን በሁለት ጣት በልጦ ታየ።

«ይህን እጅ ይዘሽ ነው ሌባ የምትዪኝ?»

«አንተስ በሕፃን እጅ ለክተህ ቃል ግባ ማን አለህ?»

መኪናዋን አስነሥታ፣ መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን እንደጣለች የጋራዡን በር ጉብታ ተሻገረች። ምንም አልተፋቀም። ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ተሻገረች፤ የመጀመሪያው በዕድል ሊሆን ይችላል።