የሮዜል ጊታር ያለበት ሸክላ

ቨርዴል ታብስ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ውላ በቀጥታ ወደ ሮዜል ፒንክኒ ቤት ሄደች። ሮዜል «ዓይንሽን ላፈር» ካላት ዓመታት አልፈዋል። ቺካጎ ላይ በረዶው ገና አልለቀቀም።

የሸክላ ኩባንያው የድሮ የብሉዝ ሙዚቃ ነጠላ ሸክላዎችን ሰብስቦ በአንድ አልበም ሊያወጣ ነው። ቨርዴል በወጣትነቷ በሮዜል ጊታር የዘፈነችው ዘፈን የተቀዳበት ዋናው ክር ግን ምድር ቤት ውሃ ገብቶ ተበላሽቷል። እጇ ላይ ያለው ሸክላም ተጫጭሮ ከዘፈኑ ይልቅ ጩኸቱ ይሰማል። «በወጣት ሙዚቀኞች እናስመታውና እንደገና ዝፈኚው» ቢሏት እምቢ አለች። ያለ ሮዜል ጊታር ያ ዘፈን ባዶ ነው።

ሮዜል በሩን ገርበብ አድርጎ አያት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ሸክላችንን።»

«ሸክላችንን? እኔ እስከማውቀው የተጻፈበት ያንቺ ስም ብቻ ነው።»

«ያጻፍኩት እኔ አይደለሁም ብዬ ያኔም ነግሬሃለሁ።»

«ያኔም አላመንኩሽም።» በሩን ዘጋው።

ቨርዴል ካፖርቷን ሰብስባ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እግሯ ደነዘዘ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። በመጨረሻ ጎረቤቲቱ ሚስ ኦዴሳ መስኮቷን ከፈተች።

«ሮዜል፣ ሴትዮዋ እዚሁ ደርቃ ብትቀር ቀባሪዋ አንተ ነህ። እኔ የለሁበትም።»

ሮዜል እያጉረመረመ ከፈተላት።

«የኔን የተጣላን ዕለት ሰባብሬዋለሁ» አላት ገና ሳትቀመጥ። ፊቷን ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ለእናቴ ልኬ ነበር፣ ሚሲሲፒ። ስትሞት ዕቃዋን ወደዚህ አመጣሁት።»

ከአልጋው ሥር ሻንጣ ጎትቶ አወጣ። ሸክላው እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታደርጋቸው በነበሩ ባርኔጣዎች መሃል ከነወረቀቱ ተቀምጧል፤ አንድ ጭረት የለበትም።

«ብሉዝ የሰይጣን ነው ትል ነበር» አለ ሮዜል። «አንድ ቀን አላጫወተችውም። የልጇ እጅ ስላለበት ደግሞ አልጣለችውም።»

አብረው ሰሙት። ጊታሩ ሲገባ የሮዜል ጣቶች ጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሱ።

«እዚህ ጋ ቸኩለሻል።»

«አንተ ነህ የዘገየኸው።»

በማግስቱ አብረው ኩባንያው ቢሮ ገቡ። አልበሙን የሚያዘጋጀው ሰውዬ ዘፈኑን ከሸክላው ለመቅዳት እጁን ዘረጋ፤ ቨርዴል ግን ሸክላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«መጀመሪያ የሁለታችንን ስም ጻፍ።»

«እመቤቴ፣ ለሁሉም የምናወጣው የዘፋኙን ስም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሸክላው ወደ ሻንጣው ይመለሳል።»

ሰውዬው ሮዜልን አየው። ሮዜል ጣሪያውን አየ። ሰውዬው ጻፈ።

አልበሙ በበጋ ወጣ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ሮዜል «ሮስዌል» ተብሏል።

«ተይው በቃ» አለ ሮዜል እየሳቀ። «ሮስዌልም ጊታር ይችላል።»

ቨርዴል አልሳቀችም። ባርኔጣዋን አደረገች፤ አልበሙን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ኩባንያው ወደሚወስደው አውቶቡስ ፌርማታ ወረደች።