ቀጥ ብሎ የተቆረጠው አፈር

ሰልሳቢል ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ ደሟ ፈላ። ዓለም ባንክ ሰፈር ለሚሠራው ፎቅ ምድር ቤት የተቆፈረው አፈር ግድግዳ መስሎ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከሳይቱ ጎን የሚኖሩት የወይዘሮ አጸደ አጥር ጠርዙ ላይ ቀርቷል፤ ከሥር ሠራተኞች ጎንበስ ብለው መሠረት ያስተካክላሉ። ሰልሳቢል የአማካሪው ድርጅት መሐንዲስ ናት፤ ትናንት «በደረጃ እየተቆረጠ ይውረድ» ብላ አዝዛ ነበር የሄደችው።

«ማነው እንዲህ ቁረጥ ያለህ?» አለችው የእስካቫተሩን ኦፕሬተር ቀጄላን።

«ጋሽ ዳኛቸው ናቸዋ! በደረጃ ከተቆረጠ ቦታ ይበላል አሉኝ።»

የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ዳኛቸው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ መጣ። «አፈሩ ድንጋይ ነው፣ አይነቃነቅም» አላት።

«ጥቁር አፈር ድንጋይ የሚመስለው ሲደርቅ ነው። ሲዘንብ አደረ እኮ! ያንን ስንጥቅ አያዩም?» ከአጥሩ ሥር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። «ሰዎቹን ያውጡልኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ በፍርሃት አይሠራም።»

«ውጡ! አካፋውን ተዉት!» ብላ ወደ ታች ጮኸች።

«የወጣ ነገ እንዳይመጣ!» አለ ዳኛቸው።

ሠራተኞቹ ፈዘው ቀሩ። የልጆቻቸው እንጀራ ነውና ማን ይድፈር? ሰልሳቢል ንዴቱ አንገበገባት። «እስቲ እሳቸውን ይውረዱ በሏቸው! ከወረዱ እኔም ዝም እላለሁ።»

ወንድሙ የሚባል ግንበኛ ቀና አለ። «እውነቷን ነው፤ ጋሼ፣ እስቲ ወርደው ያሳዩን።»

ዳኛቸው ሳይታወቀው ወደ ኋላ ሸሸ። ወንድሙ ያንን ሲያይ አካፋውን ወርውሮ መሰላሉን ያዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ምሳ ሳይደርስ አፈሩ ተገምሶ አጥሩን ይዞ ወረደ። ወይዘሮ አጸደ እየጮሁ ወጡ።

«እማማ፣ የእግዜር ሥራ ነው፤ ዝናቡ...» አለ ዳኛቸው።

«በእግዜር አያሳብቡ!» አለች ሰልሳቢል። «እግዜር እስካቫተር አይነዳም። እርስዎ ነዎት ያስቆረጡት!»

ቀጄላና ወንድሙም ከክፍለ ከተማው ለመጡት ተቆጣጣሪዎች ይህንኑ መሰከሩ። ሥራው ታገደ፤ አፈሩ በደረጃ ተቆርጦ፣ አጥሩ ዳግም እስኪገነባ ሌላ ሥራ አልተነካም። ዳኛቸው ግን ቅጣት ሳይነካው ወደ ሌላ ሳይት ተዛወረ። ይህን ቀጄላ ደውሎ ሲነግራት ሰልሳቢል ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበረች።

«የት ነው ሳይቱ?» ብላ ጠየቀችውና «ወራጅ አለ!» አለች።