ፊቱ ያልደረቀ ማካሮን

ልጄ ለሦስተኛ ጊዜ የእንቁላል ነጭ መምታት ስትጀምር ከወጥ ቤት አስወጣችኝ።

«እማ፣ እባክሽ፣ አጠገቤ ቆመሽ አትተንፍሺብኝ።»

በሩ ላይ ቆምኩና መተንፈሴን ቀነስኩ።

የምትሠራው ማካሮን ነው። ከአልሞንድ ዱቄት፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ የሚሠራ የፈረንሳዮች ብስኩት ነው፤ ሁለት ትንንሽ ክቦች መሀላቸው ክሬም ገብቶ ይጣበቃሉ። የሚበላው ሰው አንዴ ጎርሶ ይጨርሰዋል። የሚሠራው ሰው ግን አበሳውን ያያል። የመጀመሪያው እንደ ተረገጠ የልብስ ቁልፍ ተጠፍጥፎ ወጣ። ሁለተኛው አናቱ ላይ ተሰነጠቀ። አሁን የቀረን የአልሞንድ ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር።

በዚያ ቀን አስር ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ማካሮን ይዛ መሀል ከተማ ካለው ኬክ ቤት መቅረብ ነበረባት። የኬክ ቤቱ ሼፍ ተለማማጅ ፈልጋለች። «ቤትሽ ሠርተሽ አምጪ። በሚያነክስ የቤት ኦቨን የሠራች ልጅ የኔን አታበላሽም» ብላታለች።

ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የነርስ ትምህርት ጀምራ በሁለተኛው ዓመት ተወችው። ጸጉር ሥራ ገብታ በአራተኛው ወር ተወችው። ሁለቱንም የተወችው በአንድ ዓይነት ነው። የሥራ ልብሷን ታወልቃለች፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፣ «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ትላለች። ከዚያ ክፍሏን ዘግታ ለወራት ትተኛለች። ምግብ በር ላይ አስቀምጬላት፣ ሳይነካ መልሼ አንስቻለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ያንን ቃል ከአፏ ከሰማሁ፣ መልሼ የማስነሳበት አቅም ያለኝ አልመሰለኝም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሊጡን በከረጢት እየጨመቀች ሁለት ትሪ ሞላች። በየትሪው ሃያ አራት ክብ፣ ቀላ ያለ፣ እኩል እኩል። ትሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና እጇን ታጠበች።

«ሄጄ ለክሬሙ ቅቤ፣ ለመያዣ ደግሞ ሳጥን ገዝቼ እመጣለሁ። ትሪዎቹ እዚሁ ይቀመጡ። እማ፣ ሰማሽኝ? እዚሁ።»

«ሰማሁ የኔ እናት። ሂጂ።»

በሩን ዘግታ ወጣች። እኔና አርባ ስምንት ክቦች ተፋጠጥን።

አሥራ አራት ዓመት ዳቦ ቤት ሠርቻለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የምንነግረው አንድ ነገር ነው፤ ሊጥ እርቃኑን አይተውም። ፊቱ ከደረቀ ኩፍ አይልም፣ ዳቦው ይቀደዳል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ያልተሸፈነ ሊጥ ሳይ እጄን ይበላኛል። የልጄ ክቦች በዚያ ሞቃት ክፍል ፊታቸውን ለአየር ሰጥተው ተዘርግተዋል። ችኮላ ላይ ስለሆነች ረስታው ነው አልኩ። ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ነክሬ ጨመቅሁ። ክቦቹን እንዳይነካቸው በየማዕዘኑ ብርጭቆ አቁሜ፣ እንደ ድንኳን አድርጌ ሸፈንኩላቸው። ልጄን የረዳኋት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

የአሠራሩን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ስለሆነ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። ጊዜ ለመግደል ብዬ ጣቴን ከመስመሩ በታች እያስኬድኩ ጀመርኩ። የእንቁላሉን አነበብኩ። የስኳሩን አነበብኩ። ስድስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ሳይሸፈን አርባ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ፊቱ ደርቆ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ሲሆን ብቻ ኦቨን ይግባ። ካልደረቀ ይሰነጠቃል።»

መልሼ አነበብኩት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሦስተኛም አነበብኩት። አልተሳሳትኩም።

ጨርቆቹን ገፈፍኳቸው። አንዱን ክብ በትንሿ ጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ ተከትሎኝ መጣ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

እየሮጥኩ ታችኛው ፎቅ ወረድኩ። እዚያ ቀጭን ስለሆነ ጋሽ መርፌ የምንለው ልብስ ሰፊ አለ። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ጋሽ መርፌ፣ ማራገቢያህን!»

«ምነው፣ ማን ራሱን ሳተ?»

«ለብስኩት ነው።»

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ብስኩት ላበው እንዴ?»

«ነገ ትስቅብኛለህ፣ አሁን ስጠኝ።»

«ውሰጂው፣ ግን ደንበኛዬ ሱሪ ሊለካ ሲመጣ በሙቀት ቢቀልጥ ካሳው ባንቺ ነው።»

ማራገቢያውን ትሪዎቹ ፊት አቁሜ ከፈትኩት። እርጥብ ጨርቆቹን ሳሎን ካለው ሶፋ ሥር ወተፍኳቸው። ብርጭቆዎቹን መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ልጄ ሩብ ጉዳይ ለስምንት ገባች። ማራገቢያውን ስታይ ዓይኗ በራ።

«እማ! ቶሎ እንዲደርቅ ነው? ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቱን አነበብኩት።»

ይህ እውነት ነበር። ጉንጬን ሳመችኝ። እንዲያ ስማኝ አታውቅም፤ ቢያንስ ከዓመት ወዲህ። ጉንጬ ተቃጠለ።

ከዚያ ሽርጧን አስራ አንዱን ክብ ነካችው። ሌላ ነካች። ከሁለተኛው ትሪ ነካች። የፊቷ ብርሃን ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት።

«አርባ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። ማራገቢያም ነፍሶበት... እንዴት አይደርቅም?»

ዓይኔን ከማራገቢያው ላይ አልነቀልኩም።

«ስኳሩን አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። ወይም ሳዋህደው አቅጥኜዋለሁ። በሚዛን ነው የለካሁት እኮ!» ማንኪያውን አየች፣ ጎድጓዳ ሳህኑን አየች፣ በመጨረሻ እጆቿን አየች። «ሦስተኛዬ ነው። ሦስቴ ለተበላሸ ነገር ሌላ ምን ሰበብ አለው?»

እጇ ወደ ሽርጧ ቋጠሮ ሄደ።

ያኔ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ዝም ብል ትስመኛለች፣ ታምነኛለች፣ ክፍሏንም ትዘጋለች። ብናገር ግን ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ሽርጧ ተፈታ። አወለቀችው። አንዴ አጠፈችው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ሸፍኜው ነበር። በእርጥብ ጨርቅ። እንደ ዳቦ።»

አላመነችኝም። ሄጄ ጨርቆቹን ከሶፋው ሥር አመጣኋቸው። ሁለቱን እንደ ሌባ በእጄ ይዤ ቆምኩ።

አንዱን ጨርቅ ነካችና እጇን መለሰች።

«ስስምሽም ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«እጄ ነው ስልም ዝም ልትይ ነበር።»

«እሱን አልቻልኩም።»

«ውጪልኝ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከወጥ ቤቱ ውጪ። በሩን ዝጊው።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሽርጧን ዳግም ትልበስ፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ ታድርገው፣ የማይበትን ቀዳዳ አጣሁ። ብዙ ቆይቶ የኦቨኑ በር ሲጥ ሲል ሰማሁ። ተነሥቼ ልገባ ነበር፤ እጄን ከመያዣው ላይ አነሣሁ።

የመጀመሪያውን ትሪ ያስገባችው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ እንዳልደረቀ እያወቀች፣ ጥፋቱ የእጇ ይሁን የጨርቁ ለማየት። ስታወጣው «ይኸው!» ስትል ሰማኋት። በኋላ እንዳየሁት ሃያ አራቱም ተሰንጥቀዋል። የድምጿ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የተናደደ ሰው ድምፅ ነው፣ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ግን አይደለም። ሁለተኛውን ማራገቢያው ፊት ትታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ጠበቀችው።

ስትከፍትልኝ ሽርጧን ለብሳለች። ከሁለተኛው ትሪ አሥራ አራት ክብ ደህና ወጥቷል። ክሬም ሞልታ ስታጣምራቸው ሰባት ማካሮን ሆኑ።

«ሰባት» አልኩ።

«መቁጠር እችላለሁ።» ሰባቱን ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። ከአጠገባቸው፣ ከተሰነጠቁት ክቦች ሦስት ጨመረች።

«የተሰነጠቀውን ደግሞ ለምንሽ?»

«እማ።»

«እሺ፣ ዝም።»

አውቶቡስ ውስጥ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። ልያዝልሽ አላልኳትም። አትምጪም አላለችኝም። በየፌርማታው አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ሹፌሩን በልቤ ስለምነው ነበር። ስንደርስ አስር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሆኗል።

ሼፏ አጭር፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ነች። ሳጥኑን ከፈተች።

«አሥራ ሁለት ነበር ያልኩሽ።»

«ሰባት ነው ያለኝ። ማርፈዴንም አውቃለሁ» አለች ልጄ።

ሼፏ አንድ ማካሮን ሰብራ ውስጡን አየችና አኘከች። ከተሰነጠቁት አንዱን አነሣች።

«ይሄስ?»

«ፊቱ ሳይደርቅ የገባ ነው። እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር። ይህኛውም ትንሽ ተሸብሽቧል፣ አየሩ ከአንድ ወገን ብቻ ስለመጣ።»

«ኦቨኔ ነው አትይም?»

«ኦቨኑ ደህና ነው።»

«ካንቺ በፊት አራት ሰው መጥቷል። የአራቱም ኦቨን ተበላሽቷል።» ሼፏ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ማን ነው የሸፈነው?»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ኬክ እንደሚገዛ ሰው የኬክ መደርደሪያው መስተዋት ላይ አፍጥጬ ነበር።

«እናቴ ናት። ዳቦ ጋጋሪ ናት።»

«ገባኝ» አለች ሼፏ። «ዳቦ ጋጋሪ እዚህም ገብቶብኝ ያውቃል።» ሳጥኑን ዘጋችው። «ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። መጀመሪያው ወር አልሞንድ መንፋት ነው፣ እንዳይደንቅሽ። ብቻሽን ነው የምትመጪው።»

ውጪ ወጥተን ወደ ፌርማታው ሄድን። ልጄ አሁንም አትስቅም፤ ቁጣዋ እንዳልወጣላት ከአረማመዷ ያስታውቃል።

«ሰኞ ገና ሳይነጋ ነው» አልኩ።

«አዎ።»

«እስከ አውቶቡሱ ብቻ ብሸኝሽስ?»

አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድማ ወጥታ ቦርሳዋን አጠገቧ፣ መስኮቱ ጋ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ስደርስ አንሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ።